የኔታ ዝም ሲሉ

ኮምፒውተሩ የሚጠፋው የኔታ ዝም ሲሉ ነበር።

ሲናገሩ አይጠፋም። አንዱን ቤት አስጽፈውኝ ወደሚቀጥለው ሲሸጋገሩ፣ ጣቶቼም ኪቦርዱ ላይ ሲራወጡ ደኅና ነው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀኙትን የመወድስ ቅኔ ስምንቱንም ቤት በልባቸው ወጥተው ወርደው ሳይጨርሱ ቀጣዩን አይሰጡኝም። እኔ እጄን ሰብስቤ እጠብቃለሁ፤ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት። በዚያች ክፍል ውስጥ የሚሰማው የፋኑ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ እየከረረ፣ እየከረረ ይሄድና ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል።

«መብራት ሄደ እንዴ ልጄ?» ይሉኛል ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«የለም የኔታ፣ መብራቱስ አለ።»

1998 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ቤታችን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ አልነበረውም። ኮምፒውተሩን አጎቴ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ አመጣልኝ። ውጭ አገር ተሠርቶበት የተጣለ፣ እዚህ ግን ለሠፈሩ ሁሉ ብርቅ የሆነ ዕቃ ነው። እናቴ ራሷ በጠለፈችው ዳንቴል ሸፈነችው። በዚያ ሰሞን የእድር ዝርዝር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የአቤቱታ ማመልከቻ እየጻፍኩ ጥቂት ሳንቲም እለቅም ነበር። የኔታ የመጡት ግን ለሌላ ነገር ነው።

ቅኔያቸውን ሊያስጽፉኝ ነው የመጡት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቅኔ ለዕለቱ ተቆጥሮ ለዕለቱ የሚባል ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ለባለሙያው ነውር ነው። በዋድላ ጉባኤ ያደጉት የኔታም ዕድሜያቸውን ሁሉ እንደዚያው ኖረዋል። ነገር ግን በየበዓሉ ያፈሰሱት ሁሉ ከሰሚዎቹ ጋር እየተቀበረ መሄዱን በእርጅናቸው አዩ። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጋር ተጎራብቶ የኖረ ሰው ደግሞ ጽሕፈት ምን እንደሚያተርፍ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያንን ደሴት የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ደሴቱ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ በአንድ በኩል ከየብስ ተያይዟል። ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ ነው፤ የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ቁጥር 1832 ተብሎ ተመዝግቧል። የፊልሙ ቅጂ ሚኒሶታ ድረስ ተሻግሯል። የኔታ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበርና «ብራና ባይሆን እንኳ በዚያ በመስኮቱ አስቀምጥልኝ» አሉኝ። ስክሪኑን መስኮት ነበር የሚሉት።

እኔም እሺ አልኩ፤ ማሽኑ ግን ሊያስቀምጥልኝ አልቻለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ ቀን አለ። ሰባተኛውን ቤት ከጻፍን በኋላ የኔታ ዝም አሉ። የዚያ መወድስ የመጨረሻ ቤት መጀመሪያ ከተቀኙት ጀምሮ ደስ ብሏቸው እንደማያውቅ ነግረውኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። አዲስ ቤት መጥቶላቸዋል። ቀስ ብለው አሉት፤ ጻፍኩት። ሴቭ ለማድረግ እጄን ስዘረጋ ስክሪኑ ጠቆረ። በነጋታው ሌላ ቤት ሰጡኝና ራሳቸው መልሰው አነበቡት። «ትናንት የመጣልኝ ይህ አይደለም፤ ተወው» አሉ። ከዚያ በላይ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑ ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም። ጎኑን ከፍቼ እጄን ሳስጠጋ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ብረት አያስነካም። ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ማዘርቦርዱ ራሱን እንዲያጠፋ የተሠራ ነው፤ ያ ባይኖር ፕሮሰሰሩ ተቃጥሎ ያልቅ ነበር። የሚያስቸግረው ለምን እንደሚሞቅ ማወቁ ነው። ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። እናቴ አቧራ ነው አለች፤ እውነቷን ነው፣ የመንገዱ አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል እንደ ጥጥ ተጋግሮ አገኘሁት፤ በዶሮ ላባ ጠርጌ አወጣሁት። ደሴ ፒያሳ ያለ ቴክኒሻን በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቋል ብሎ በአዲስ ቀባልኝ፤ እሱም እውነቱን ነው። ሌላው ፋኑ ደክሟል ብሎ አዲስ ሸጠልኝ። እያንዳንዱ ሦስት አራት ዲግሪ ቀነሰልኝ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ግን ማሽኑ መጥፋቱን አልተወም።

የአየሩንም ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ደጋ ላይ ኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እናቴ ጀበናዋን የምታፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ እዚህ ውሃ በ93 ገደማ ይፈላል። ፋኑ እዚህም እዚያም እኩል ዙር ይዞራል፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ግን እዚህ ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያነሰ ነው። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ ከክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ የሚል ፕሮሰሰር እኛ ዘንድ 35 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ ሲጀምርም ሞቃት ነው። ይህን ስረዳ እፎይ አልኩ፤ በቃ፣ የአገሩ ጠባይ ነው ብዬ ተውኩት። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ከፍታው ሙቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም።

መንገዱን ያሳዩኝ ሬድዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ሱቃቸው ውስጥ በሻሽ የተሸፈነ አምፕሊፋየር፣ የተበተነ ካሴት ማጫወቻ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተሞላ ትራንዚስተር ነበር። አንድ ቀን አስር ሰግደው ሲመለሱ በራችን ላይ ተክዤ አገኙኝ።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

ነገርኳቸው። ገብተው የእጃቸውን ጀርባ በማቀዝቀዣው አጠገብ አሳለፉ፤ አልነኩትም።

«አሁን ሥራ ላይ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ባዶውን ነው፣ ምንም አልከፈትኩም።»

«ሥራ ስታሠራውስ ከዚህ በላይ ይግላል?»

አሰብኩ። «ያው ነው፤ እምብዛም አይለይም።»

«እንግዲያው ባዶውን ሲሆን ምን እያደረገ ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም ስለ አምፕሊፋየር ነገሩኝ። አንዳንድ አምፕሊፋየር አለ፣ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ልክ ሳይስተካከል ሲቀር ዘፈን ሳይገባበትም ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ይግላል። «ፋን ብትደረድርለት ምን ዋጋ አለው? አብሽር፣ እሱን ፈልግ» ብለውኝ ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ እስካሁን ስጠይቅ የኖርኩት ሙቀቱ እንዴት ይውጣ ብዬ ነው፤ ለምን ይገባል ብዬ አልጠየቅሁም።

ዊንዶውስ ሳይነሣ ወደሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ ገባሁ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት እዚያ ይታያል፤ 66 ነበር። ወደ ዊንዶውስ ገብቼ ምንም ሳልከፍት ግማሽ ሰዓት አስቀመጥኩትና እንደገና አስነሥቼ ቶሎ ባዮስ ውስጥ አየሁ፤ 65። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። መጀመሪያ ምንም አልነገሩኝም። ነገሩ የገባኝ ደሴ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ በደቂቃ እየከፈልኩ ካነበብኩ በኋላ ነው። ባዮስ ውስጥ ስትሆን ፕሮሰሰሩ አያርፍም፤ ቁልፍ ተነካ ወይስ አልተነካም እያለ ሳያቋርጥ ክብ ይዞራል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ሥራ ሲያጣ ፕሮሰሰሩን «ቁም» ይለዋል። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ በባዶው የተቀመጠ ማሽን ከባዮሱ በግልጽ መቀዝቀዝ አለበት። የእኔ እኩል ነበር። «ቁም» ተብሎ ሳይቆም ኖሯል ማለት ነው።

የዚህን «ቁም» ታሪክ ሳነብ ተገርሜአለሁ። ትእዛዙ ከመጀመሪያዎቹ 8086 ፕሮሰሰሮች ጀምሮ አለ፤ አቁሞ የሚያሳርፍ፣ አንድ ነገር ሲመጣ የሚቀሰቅስ። ዊንዶውስ 95 ግን አይጠቀምበትም ነበር። ሥራ ሲያጣ በባዶው ይዞራል፤ ሰዎች በየቤታቸው «ቁም» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ ትናንሽ ፕሮግራሞች ጽፈው እስኪያከፋፍሉ ድረስ። ሊኑክስና ዊንዶውስ ኤንቲ ቀድመውት ያሳርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ አንድ ላይ ባወጡት ደንብ ዕረፍቱ ደረጃ ተበጀለት፤ አንደኛው ደረጃ እንደ ሸለብታ ነው፤ በጥልቁ ደግሞ ከሙሉ ኃይሉ ጥቂት ብቻ እየወሰደ ይተኛል። እንቅልፉ በጠለቀ ቁጥር ለመንቃት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ያም ቢሆን የሚቆጠረው በማይክሮ ሴኮንድ ነው።

ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ስጽፍበት የሚሠራ፣ ስተወው ሥራ የሚፈታ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ማሽን በሴኮንድ ወደ ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ፈጥኜ በሴኮንድ አምስት ቁልፍ ብነካ እንኳ በአንዱና በሌላው ቁልፍ መካከል 400 ሚሊዮን ምት አለ። እኔ ቸኩዬ ስጽፍ እሱ ዘንድ ረጅም ባዶ ሰዓት ነው። የኔታ ሲናገሩም ዝም ሲሉም ለእሱ ያው ነበር፤ ዝምታቸው ጥፋት አልነበረበትም። ዝምታቸው የሚረዝመው ከሰዓት በኋላ ሲደክማቸው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆርቆሮው ይግላል። እኔ ሁለቱን አገናኝቼ ስንት ቀን ጌታዬ ምነው ባይቆዩብኝ እያልኩ በልቤ ሳጉረመርም ኖርኩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

የእኔ ማሽን ለምን አያርፍም? ዊንዶውስ «ቁም» ይለዋል፤ ፕሮሰሰሩም ይሰማል። ነገር ግን የዚያ ዓይነት ፕሮሰሰር ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር ካልተላቀቀለት ጠልቆ አይተኛም። አልጋ ላይ ተጋድሞ በሩ ላይ ጆሮውን እንደጣለ ሰው ነው። መስመሩን የሚያላቅቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ቺፕ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን እንዲያደርግ የሚፈቅድለት አንዲት ቢት አለች። ዜሮ ከሆነች አይፈቀድም፤ አንድ ከሆነች ይፈቀዳል። የእኔው ዜሮ ተደርጋ ነበር የመጣችው። ባዮሱ ውስጥ ይህን የሚቀይር ምርጫ አልነበረም።

ያቺን ቢት የሚቀይር ፕሮግራም ከአንድ ፍሎፒ ያነሰ ነበር። ደሴ ላይ ወደ ፍሎፒ ገልብጬ፣ ፍሎፒው እንዳይበላሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ አድርጌ በማታው ሚኒባስ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እናቴ በረካውን እየቀዳች ነበር። ሲኒዬን ይዤ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ቺፕ ውስጥ ያለ ቁጥር መነካካት ማሽኑን ለዘላለም የሚገድል ይመስለኝ ነበር። ቀየርኩት። ምንም የሆነ ነገር የለም።

ከዚያ የፋኑ ድምፅ ተለወጠ። የከረረው ጩኸት ወርዶ ወርዶ፣ የሐይቁ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያንሾካሹክ መስማት ቻልኩ። ሩብ ሰዓት ቆጥሬ ሙቀቱን በሚያሳየኝ ፕሮግራም አየሁ፤ 47። እናቴን አምጥቼ እጇን ያ የማያስነካው ብረት ላይ አስቀመጥኩላት። ለብ ብሏል። «ትኩሳቱ ለቀቀው» አለች። እኔም ከዚያ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁለትም።

በነጋታው ለደስታዬ የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ከፈትኩ። ከአምባሰል ተራራ ሥር ያደገ ሰው ደስ ሲለው ሌላ ምን ይከፍታል? ድምፁ ተቆራረጠ። በየመካከሉ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንጫጫል። ቢቷን ወደ ዜሮ ስመልሳት ዘፈኑ ጠራ፣ ማሽኑ ጋለ። አንድ ስላት ማሽኑ በረደ፣ ዘፈኑ ተሰባበረ። የድምፅ ካርዱ መረጃውን በሰዓቱ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ከእንቅልፉ ነቅቶ መስመሩን እስኪያገናኝ ድረስ ያቺ ቅንጣት ጊዜ ታመልጠዋለች። ቢቷ ተዘግታ የመጣችበት ምክንያት ያኔ ተገለጠልኝ። የዘጋት ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ገዢው በተቆራረጠ ድምፅ ከሚያማርር ማሽኑ ቢሞቅ ይሻላል ብሎ መርጦ ነው። እሱ የመረጠው ግን ለቀዝቃዛ ክፍልና ለወፍራም አየር ነው። ለሐይቅ ቆርቆሮ ቤት እኔ መምረጥ ነበረብኝ። የኔታ ሲመጡ አንድ፣ ማሪቱን ስሰማ ዜሮ አደርጋት ጀመር። ጋሼን ሄጄ ስነግራቸው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዘፈኑን ማታ ማታ አድርገው፣ ቆርቆሮው ሲበርድ።» እንዲያ አደረግሁ።

የኔታ ክረምቱን ሙሉ መጡ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በዝምታቸው መካከል አንድም ቀን አልጠፋም። አንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ከድነው ቆዩ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፋኑን ትቼ ፊታቸውን አየሁ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። ጣታቸው ግን ጭራው ላይ ቤቱን ይቆጥር ነበር።

ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲሆን ያቺ ቢት ሌላ ጥቅም ሰጠች። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ አሮጌ ዩፒኤስ ነበረኝ። ማሽኑ ሲያርፍ የሚጠጣው ኃይል ስለሚያንስ መብራት ከሄደ በኋላ ጽሑፌን ጨርሼ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠኝ ጀመር። ዛሬ ይህ ሁሉ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ወዲህ የተሠሩ ፕሮሰሰሮች ሥራ ላጣው ክፍላቸው ኤሌክትሪኩን ጨርሰው እስከ መዝጋት ደርሰዋል፤ ኪሳችን ያለው ስልክም ባትሪው ቀኑን የሚውልለት በዚህ ነው። ዕረፍቱን የሚከለክለው ግን ዛሬም አይጠፋም፤ ከበስተጀርባ ሳይዘጋ የቀረ ፕሮግራም፣ በሴኮንድ ሺህ ጊዜ የሚቀሰቅስ ድራይቨር፣ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ምርጫ።

ስለዚህ ቤትህ ያለው ኮምፒውተር በባዶው የሚግል ከሆነ አቧራውን ጥረግ፣ ፔስቱን አድስ፤ ነገር ግን አዲስ ፋን ከመግዛትህ በፊት ሁለት ቁጥር ጻፍ፤ ባዮስ ውስጥ ስንት እንደሆነና ሥራ ፈትቶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ስንት እንደሆነ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ የጋሼን ጥያቄ ጠይቅ።

የኔታ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፉ። ቅኔያቸው ታትሞ ተጠርዟል፤ ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ከተማሪዎቻቸው ዘንድ፣ አንዱ ከልጃቸው፣ አንዱ ከእኔ ጋር አለ። ገጽ 31 ላይ ያለው መወድስ ሰባት ቤት ነው። ከሥሩ ለአንድ ቤት የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቻለሁ።